«አይቸገሩ» ያልኩበት ክሪስታል

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁ ቁመትና ስለ መኪናው ብዛት ነው። ፎቅም አየሁ፣ መኪናም አየሁ፤ ስለ ሁለቱም የምለው ብዙ የለኝም። እኔ የሄድኩት ለአንድ ክሪስታል ነበር። ስለዚህ ፎቅ ያማረው አንባቢ ሌላ ተጓዥ ይጠብቅ፤ እኔ የምተርከው አንዲት ቃል ተናግሬ አንድ ሳምንት ሙሉ እንዴት እንደተንከራተትኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የጨረርን ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ማስተማር ከተባለ። የጨረር መቁጠሪያችን ክሪስታሉ ተሰብሮ ከተበላሸ ወዲህ ተማሪዎቼ ጨረርን የሚያውቁት በጠመኔ ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ ቀስት እሥላለሁ፣ እነሱ ቀስቱን ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ይሥሉልኛል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በቀለ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩኝ። «መኮንን፣ ያለ መሣሪያ የጨረር ትምህርት ማለት ያለ ውኃ የዋና ትምህርት ነው። እስከ መስከረም የሚሠራ መሣሪያ ካልተገኘ ኮርሱን እዘጋዋለሁ» አሉ። ልክ በዚያ ሰሞን፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ካለ አንድ የጠፈር ምርምር ማዕከል ግብዣ መጣልኝ። የጋማ ጨረር ፍንዳታን የሚፈልግ የጠፈር ቴሌስኮፕ እየሠሩ ነበርና ከየአገሩ መምህራንን ሰብስበው ለአንድ ሳምንት ሊያስተምሩ ነው። ዶክተር በቀለ የመውጫ ቪዛዬን ለማስጨረስ ራሳቸው ደጅ ጠኑልኝ፤ ሲሸኙኝም «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አሉ።

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ የዓይን መድኃኒት፣ አንዱ የሬዲዮ ባትሪ፣ አንዷ የጡት መያዣ ከነቁጥሯ አዘዙኝ። አክስቴ እትዬ አስካለ ደግሞ አርሲ ውስጥ መብራት ባልገባበት ከተማ ትንሽ ሆቴል አላቸው፤ ማታ ማታ የሚያበሩት ማሾ ነው። ማሾ ላይ የምትታሰረው፣ ስትለኮስ ነጭ ብርሃን የምትሰጠው የጨርቅ ከረጢት እዚህ የምትሸጠዋ በሳምንቱ ትበጣጠስባቸዋለች። «የአሜሪካኑን አምጣልኝ፤ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለመንደሩ ነው፤ አደራ» አሉኝ። አደራ ካሉ በኋላ ክርክር የለም።

ቅዳሜ ዋሽንግተን ገባሁ። አውሮፕላኑ ቆሞ በሩ ሲከፈት ደረጃ ጠበቅኩ። ደረጃ የለም። ከበሩ ማዶ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ወንበር የተደረደረበት ሳሎን አለ። ገብተን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ሳሎኑ ዝቅ አለና መሄድ ጀመረ፤ ለካ ጎማ አለው። እኛ አገር እንግዳ ወደ ሳሎን ይገባል፣ እዚህ ሳሎኑ እንግዳውን ሊቀበል ይወጣል፤ እንዴት ያለ እንግዳ አክባሪ አገር ነው ብዬ ሳልጨርስ ፓስፖርት ተመልካቹ ፊት ቆምኩ። «ለምን መጣህ?» አለኝ። «ፍንዳታ ላጠና» አልኩት። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወስዶኝ አለቃውን ጠራ። ፍንዳታው ሰማይ ላይ መሆኑን፣ ያፈነዳሁትም እኔ አለመሆኔን በግብዣ ደብዳቤዬ እስካስረዳቸው ድረስ ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ውጭ የሚጠብቀኝ ተስፋዬ ነበር፤ የአክስቴ የእትዬ አስካለ ልጅ፣ አብሮ አደጌ። አዲስ አበባ ሳለ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ አሁን ታክሲ ይነዳል። «ያው ጂኦግራፊ ነው» ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው ሰፈር ወስዶ ከሚስቱ ከሮማን ጋር የሚኖርበት አፓርትመንት አገባኝ። ሮማን ነርስ ናት፤ አጥባቂ የወንጌል አማኝ ናት፤ በእንግዳ ጉዳይ ግን ከአርሲዋ አማቷ በምንም አትለይም። ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ስትጨምርልኝ «በቃኝ» አልኩ። «ኧረ ጋሽ መኮንን፣ ምን በሉና» አለች። «በቃኝ፣ በአውሮፕላኑም በልቻለሁ።» «በሞቴ» አለች። በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል፤ በላሁ። ደግሞም ርቦኝ ነበር። የመጀመሪያው «በቃኝ» ለወጉ ነው፣ ሁለተኛው ለክብር ነው፣ በሞቴ ሲመጣ ሁሉም ሰው የፈለገውን ያገኛል። ይህን የምታነቡ ሁሉ በዚሁ ነው ያደጋችሁት።

እሁድ ተስፋዬ ከተማውን እየነዳ አሳየኝ። በመንገዱ የመጣሁበትን ጉዳይ ጠየቀኝ። «አሜሪካና ሩሲያ አንዱ ከሌላው ደብቆ ቦምብ እንዳይሞክር ሳተላይት አውጥተው ይጠባበቁ ነበር» አልኩት። «ሳተላይቶቹ ብልጭታ አዩ። ግን ከምድር አልነበረም። ከላይ፣ ከሰማይ ነው የመጣው። አንዳንዱ ከዓይን ጥቅሻ አይረዝምም። ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እዚያው ቦታ አይደገምም።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«እሱን ነው ማንም የማያውቀው። እሳት ዳር ዓይንህን ጨፍነህ ብትቀመጥ እሳቱ በየት በኩል እንዳለ በጉንጭህ ታውቅ የለ? ይሄ ቴሌስኮፕም ስምንት ጉንጭ ነው የሚኖረው። በየማዕዘኑ አንድ ክሪስታል አለ፤ ጋማ ጨረር ሲነካው ብልጭ ይላል። የትኛው የበለጠ እንደበራ አይተህ የመጣበትን አቅጣጫ ታሰላለህ። አየር ጨረሩን ስለሚውጠው ግን እዚህ መሬት ላይ አይሆንም፤ ጠፈር መውጣት አለበት።»

ተስፋዬ ቀይ መብራት ይዞት ቆመ። «ጥቅሻ ለማታክል ነገር ይሄን ሁሉ ዶላር ስፔንድ ያደርጋሉ? እኔ አንድ ሌሊት ሺፍት ሙሉ ነድቼ ኢንሹራንሱን እንኳ አልሸፍንም» አለ። 

ሰኞ ተስፋዬ ማዕከሉ በር ላይ አደረሰኝ። የሚያስተምሩን ዶክተር ኬለር የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው የሚሠሩ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ እዚህ አንቱ የምላቸው ስለሚገባቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪውን እያስጎበኙን አንድ መደርደሪያ ጋ ደረስን፤ የማይፈለግ ዕቃ የሚቀመጥበት ነው። ከፔሩ የመጣች ሮሳ የምትባል መምህርት አጠገቤ ቆማ ነበር። ዶክተር ኬለር አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ፣ ኦሲሎስኮፕ፣ አነሡና «ይህን ትፈ...» ሲሏት «አዎ» አለችና ታቀፈችው። ንግግራቸውን እንኳ አላስጨረሰቻቸውም። እኔ በልቤ ምን ያለች ስድ ናት አልኩ።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። በእጃቸው የሽሮ ድስት የሚያክል፣ በብረት ቤቱ ውስጥ የታሸገ ክሪስታል ያዙ፤ ብልጭታውን የሚያየው ቱቦ ከኋላው ተገጥሞለታል። «ይህ ጠርዙ ላይ ስለተሰነጠቀ ጠፈር አይወጣም። ለማስተማር ግን ከበቂ በላይ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ጥራጊ መሄዱ ነው፤ ትፈልገዋለህ?» አሉኝ።

 ኮርሴ፣ ተማሪዎቼ፣ ዶክተር በቀለ፣ ሁሉም እዚያ ድስት ውስጥ ነበሩ። እኔም አፌን ከፍቼ «አይ፣ ኧረ አይቸገሩ» አልኩ።

እኔ አላልኩትም፤ አስተዳደጌ ነው ያለው። ከዚያ ጫማዬን እያየሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ዶክተር ኬለር «እሺ፣ ጥሩ» አሉና ክሪስታሉን መደርደሪያው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር እንደዚያን ቀን ፈጥኖ ያመነኝ ሰው የለም። ሮሳ ኦሲሎስኮፗን ታቅፋ በአዘኔታ አየችኝ።

ማታ ለተስፋዬ ስነግረው መኪናውን ዳር አስያዘ። «አይ አልከው?»

«መጀመሪያ ነዋ!»

«እዚህ አገር መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ነው፣ ወንድሜ። ነገ ሂድና ዳይሬክት ንገረው። 'ሐሳቤን ቼንጅ አድርጌያለሁ፣ ስጠኝ' በለው። ኖ ፕሮብሌም።»

«እምቢ ብዬ መልሼ ልለምን? እኔ?»

ቤት ስንደርስ ሮማን ሰማችና እንደ ተስፋዬ አልሳቀችብኝም። «ጋሽ መኮንን፣ እኔም እንደመጣሁ ሱፐርቫይዘሬ 'ራይድ ልስጥሽ?' ስትለኝ 'ኖ፣ ኖ' ብዬ በስኖው ውስጥ ቤቴ ድረስ በእግሬ መጥቻለሁ። እያለቀስኩ ነው የመጣሁት» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ባልና ሚስት ተጋግዘው ያሠለጥኑኝ ጀመር። ውኃ ሲያቀርቡ ወዲያው «እሺ» ማለት አለብኝ፤ ዳቦ ሲያቀርቡ «እሺ»፤ «አይ» ብዬ ከጀመርኩ ተስፋዬ ሳህኑን አንሥቶ ይሄዳል። ያን ማታ ሁለት ጊዜ ሥጋ አመለጠኝ።

ማክሰኞ ለመጠየቅ ቆርጬ ሄድኩ። ክሪስታሉ መደርደሪያው ላይ አለ። ግን እግሬ ሲደርስ ምላሴ አልደርስ አለ። ስለዚህ ዘወርዋራውን መንገድ ያዝኩ። እኛ አገር ሰው ቤት ገብተህ ዕቃ ካደነቅህ ባለቤቱ «ውሰደው» ይልሃል፤ ስለዚህ «ዶክተር፣ ይህ እንዴት ያለ ግሩም ክሪስታል ነው» አልኳቸው። «አዎ፣ ግሩም ነው» አሉ። «ስንጥቁ እንኳ አይታይም» አልኩ። «ይታያል» አሉ። «ተማሪዎቼ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም» አልኩ በመጨረሻ፣ ድምፄን አሳዝኜ። ይህን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ መሳቢያቸውን ከፈቱና የክሪስታሉን ፎቶግራፍ ሰጡኝ።

«ትፈልገዋለህ?» ሲሉኝ ሥልጠናው ትዝ አለኝና «እሺ» አልኩ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ከኢትዮጵያ መምጣቴ በአዳራሹ ተሰማ። የዚያን ዓመት ቴሌቪዥናቸው የሚያሳየው የእኛን ረሃብ ነበር። ወጥ ቤቷ ሴትዮ ስሟን እንኳ ሳትነግረኝ ሳህኔ ላይ ድንች ቆለለች፤ ከኋላዬ የቆመው ሰው ጣፋጩን ለእኔ አሳለፈ። የጠገብኩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ሆዴም ከቀበቶዬ አልፎ ይታያል። ሊስቁብኝ አልነበረም፣ ደግነት ነው። ግን የተራበው ወገኔ ሳይደርሰው እኔ ስለ እሱ ተከብሬ መብላቴ አሳፈረኝ፣ አናደደኝም። እምቢ ብል ያምኑኛል፤ ያን ምግብ ግን እምቢ ለማለት ድፍረት አጣሁ፣ እንባዬን እየዋጥኩ በላሁ።

ረቡዕ ግማሽ ቀን ዕረፍት ነበር። ተስፋዬ የእናቱን አደራ ልንገዛ ዊተን ወሰደኝ። ዊተን ከየአገሩ የመጣ ሰው ሱቅ የከፈተባት ሰፈር ናት። እኛ የገባነው ግን የካምፕ ዕቃ መሸጫ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቱ መብራት እያለለት፣ በበጋ ድንኳንና ማሾ ገዝቶ ጫካ ገብቶ በጨለማ ያድራል፤ ለዚያም ገንዘብ ይከፍላል። ተስፋዬ «እናቴ ይህን ብትሰማ ሆቴሏን እዚህ ታመጣዋለች» አለ። ሻጩ የማሾውን ጨርቅ በፓኬት በፓኬት አወጣልን። ለመንደሩ ነው ስለተባለ ያለውን ሁሉ አነሣን። አደራ ነውና ከእጄ እንዳይወጣ በዝናብ ካፖርቴ ኪሶች ሁሉ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ የውስጡም የውጭውም ኪስ አበጠ።

ከዚያ ወንዝ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ የምትባል ጎረቤት ከተማ ሄድን። ረቡዕ ረቡዕ የሮማን ጉባኤ አባላት ጋሽ ወርቁ ቤት ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ጋሽ ወርቁ ድሮ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ይጽፋሉ፤ ፍርድ መስጠት ግን አልተዉም። ሮማን ችግሬን አስቀድማ ነግራቸው ኖሮ ገና ሳልቀመጥ «እንግዲህ ክሱን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ወርቁ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ይሉኝታህን ቦሌ ትተኸው በመጣህ ነበር። ፈረንጁ አልበደለህም። 'አልፈልግም' አልከው፣ አከበረህ። ሰውን ቃሉን ማመን ክፋት ነው?» አሉ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ በሽተኞች፣ ስለ ስደተኞች ጸለዩ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጌታ ሆይ፣ የተማረ ሰው ልከህልናል፤ አንዲት 'እሺ' ማለት ግን አቅቶታል፤ አፉን ፍታለት» አሉ። ጉባኤው በሙሉ «አሜን» አለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በየመሐሉ ማማተብ አምሮኝ ነበር፤ ለዚያች ግን እኔም አሜን አልኩ።

ሐሙስ የሠርቶ ማሳያው ቀን ነው። አዳራሹ መካከል የእንጨት ቋሚ ተተክሎ በስምንቱ ማዕዘን ስምንት ክሪስታል ታስሯል። ዶክተር ኬለር ትንሽ የጨረር ምንጭ አንድ ቦታ ይደብቃሉ፤ እኛ ክሪስታሎቹን አንብበን በየት በኩል እንዳለ እንናገራለን፤ ልክ ሰማይ ላይ ፍንዳታ እንደሚፈለገው። መጀመሪያ ግን ምንጩ በእርሳስ ሣጥኑ ተቆልፎ እያለ ስምንቱም ዝም ማለታቸውን ማየት ነበረብን። ሰባቱ ዝም አሉ። ሦስተኛው አልተወም፤ መርፌው ወደ ላይ ይወጣል። እኔ የተቀመጥኩት እዚያው ሥር ነበር፣ ካፖርቴን ወንበሬ ላይ ሰቅዬ።

ቴክኒሻኑ ገመዱን ለወጠ። መርፌው እዚያው ነው። ዶክተር ኬለር ሣጥኑን ከፍተው ምንጩን አይተው ዘጉት። እዚያው ነው። በዚህ ጊዜ እኔ ተነሥቼ፣ ካፖርቴን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሦስተኛው ክሪስታል ለምን እንደተበላሸ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። እርጥበት ገብቶበታል አልኩ፤ ምክንያቱንም በሦስት ከፈልኩት። እያብራራሁም እንደ ልማዴ ተንጎራደድኩ፤ ሰሌዳ በሌለበት አንድ ቦታ ቆሜ ማስተማር አልችልም።

ሮሳ ዓይኗን ከመርፌዎቹ ላይ ሳታነሣ «መኮንን፣ አንዴ ወደዚህ ና» አለችኝ። ሄድኩ። ሦስተኛው ዝም አለ፣ ስድስተኛው ተነሣ። «አሁን ወደዚያ ተመለስ።» ተመለስኩ። ስድስተኛው ዝም አለ። ቋሚውን እንድዞር አደረጉኝ፤ አቅጣጫውን በሚያሳየው ቴሌቪዥን መስኮት ላይ ያለችው ነጥብ እኔን ተከትላ ትዞራለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፓስፖርት ተመልካቹ እዚያ ቢኖር ኖሮ «ትክክል ነበርኩ» ይል ነበር።

ለአክስቴ የገዛሁት ነው እያልኩ ኪሴን ሳራግፍ የማሾ ጨርቅ ፓኬት ጠረጴዛውን ሞላው። ዶክተር ኬለር አንዱን ገልጠው ሳቁ። «ቶሪየም» አሉ። ብርሃኑ ነጭ እንዲሆን ጨርቁን ቶሪየም ያጠጡታል፤ ቶሪየም ጨረር ያወጣል፤ ይህን እኔ በጠመኔ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ውስጤን ነደፈኝ። እኛ አገር መብራት በሌለበት ከተማ ሁሉ የጨረር ምንጭ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ለኮርሴ የጎደለኝ ጨረሩ ሲነካው ብልጭ የሚል አንድ ክሪስታል ብቻ ነው።

ዶክተር ኬለር ፓኬቱን እያገላበጡ «ልጆች ሊጎበኙን ሲመጡ ይህን ባሳያቸው እንዴት ጥሩ ነበር፤ ምንም አያስፈራ» አሉ።

«ይውሰዱ» አልኳቸው።

«አይ አይ፣ የዘመድህ ነው።»

«ይውሰዱ እንጂ። ብዙ ነው።»

«አልችልም፣ አመሰግናለሁ።»

«በሞቴ» አልኩ፣ በአማርኛ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ጥቂት ፓኬትም በሸሚዛቸው ኪስ ከተትኩላቸው። ወሰዱ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት አዩኝና «ሁለት ጊዜ አይሆንም አልኩህ። ለምን አልሰማኸኝም?» አሉ።

«እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ ነው፣ አይቆጠርም» አልኳቸው። «ሰጪው እስኪምል ድረስ ተቀባዩ እምቢ ማለት አለበት።»

ፊታቸው ላይ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ሰኞ ዕለት ክሪስታሉን...»

«አዎ» አልኩ። 

«ትፈልገው ነበር።»

«ከአገሬ የመጣሁት ለእሱ ነው።»

ዶክተር ኬለር ወደ መደርደሪያው ዞሩ፤ እኔም ዞርኩ። ባዶ ነው። «ዛሬ ጠዋት ወሰዱት» አሉኝ።

ያን ማታ ሮማን ያቀረበችውን ምግብ እምቢ አልኩ፤ ከልቤ ነበር፤ እሷም ገባትና በሞቴ አላለችኝም።

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ኬለር የመዝጊያ ንግግራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው በራሳቸው መኪና ግቢው ጫፍ ወዳለው የጥራጊ መጋዘን ወሰዱኝ። ጠባቂው ስንዴ እንደሚያበጥር ሰው ዝርዝሩን አገላብጦ «እኩለ ቀን ላይ ካሚዮኑ ይመጣል፤ ካለም ከዚያ ሥር ነው» ብሎ በአገጩ አሳየን። ያ የሚለው የተሰበረ ወንበርና የጽሕፈት መኪና ክምር ነው። እኔ ልገባ ስል ዶክተሩ ቀደሙኝ። ያን የሚያክል ሰው ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በሆዱ ገባ። ከመንገድ ላይ ይታይ የነበረው ጫማቸው ብቻ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ጠባቂውን ያዛል፣ ጠባቂው ዘበኛውን ያዛል፣ ዘበኛውም ነገ ኑ ይላል። እኔም ለእኚህ ሰው ምን ውለታ እንደምመልስ እያሰብኩ ጫማቸውን አየሁ።

ክሪስታሉን ታቅፈው ወጡ። መኪናው ላይ አስቀምጠው በመሐረባቸው ጠረጉት፤ ስንጥቁ እንደነበረ ነው፣ አልጨመረም። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና «መኮንን፣ ይህን ክሪስታል...»

«እሺ» አልኩ።

ቅር አላቸው። «ምነው?» ስላቸው «ያቺን የሐሙስ ቃልህን ከቤቴ እዚህ ድረስ ስለማመዳት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ትርጉሟንም ጠየቁኝ። እምቢ ካልክ ልሙት እንደማለት ነው ስላቸው «ለተሰነጠቀ ክሪስታል?» ብለው ደነገጡ። «ለቁራሽ ዳቦም ይባላል» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና እንደገና እንጀምር አሉ። ስለዚህ ጠባቂው ቆሞ እያየን፣ እሳቸው ሰጡኝ፣ እኔ አይቸገሩ አልኩ፤ ደግመው ሰጡኝ፣ ኧረ ይቅር አልኩ፤ በመጨረሻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቤሞቴይ» አሉ። ከእጄ ቀድሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ። ክሪስታሉ ቅዝቃዜም ግለትም ድንገት ሲነካው ይሰነጠቃልና ሮማን በአዲስ ብርድ ልብሷ ጠቀለለችልኝ። «ይሄ እኮ አዲስ ነው» ልላት አፌን ስከፍት ተስፋዬ በክርኑ ነካኝ፤ «እሺ» ብዬ ወሰድኩ። አውሮፕላን ውስጥ ከጭኔ አላወረድኩትም። ቦሌ ላይ ጉምሩኩ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «የትምህርት መሣሪያ ነው» አልኩ እንጂ ፍንዳታ የሚል ነገር አልተነፈስኩም፤ የዶክተር ኬለርን ደብዳቤ አነበበና አሳለፈኝ።

ሰኞ ጠዋት ከነብርድ ልብሱ ትምህርት ክፍሉ ገባሁ። ዶክተር በቀለ አቀፉኝ። ክሪስታሉን ገልጠው አዩት፣ ዞሩት፣ በጣታቸው አንኳኩት። «እግዜር ይስጥህ፣ ኮርሱ ተረፈ» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ ለጊዜው እኔ ቢሮ፣ ቁልፍ ባለው ቁምሣጥን ይቀመጥ። ተማሪ ከነካካው ይበላሻል» አሉ። ያን ቁምሣጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዓመታት በፊት በእርዳታ የመጡት ማይክሮስኮፖች አሁንም ከነላስቲካቸው እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ተማሪዎቼ በመስተዋቱ ያዩአቸዋል።

«አይ፣ ዶክተር» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ኧረ ግድ የለም፣ አልቸገርም፤ ቦታ አለኝ» ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።

ክሪስታሉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። «ዶክተር፣ ይሄኛው 'አይ' የፈረንጅ ነው» አልኳቸው።

አሁን ክሪስታሉ በተማሪዎቼ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። አደራውን ሳደርስ እትዬ አስካለ የሰጡኝን የማሾ ጨርቅ አጠገቡ ያስቀምጣሉ፣ ያርቃሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይጣላሉ። ባለፈው ሳምንት ጠርዙ ላይ ሁለተኛ ስንጥቅ አየሁበት፤ ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም።